አምስት ሆነን ሳለ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ለምን እንሠራለን?

የለገጣፎው አባወራ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በለገጣፎ በኩል በቤት ሥራ ማኅበር ያገኘነው 200 ካሬ ሜትር ቦታ አለን። ቤተሰቡ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ ነን። ለግንባታ ፈቃድ ፕላን ስናሠራ መሐንዲሱ ሳንጠይቀው ጂ ፕላስ ቱ (ምድር ቤትና በላዩ ሁለት ፎቅ) አድርጎ፣ ስድስት መኝታ ክፍል፣ ሁለት ሳሎንና አምስት መጸዳጃ ቤት ያለው ንድፍ አመጣልን። ይህ ይበዛብናል ስንለው «እዚህ ሰፈር ከዚህ ያነሰ የሚሠራ ማን አለ?» አለን።

ዞር ብዬ ስመለከት እውነቱን ነው። በዙሪያችን ያለው ቤት ሁሉ ትልቅ ነው። ብዙዎቹ ግን አላለቁም። ቤተሰቡ ገብቶ ዓመታት በኖረበት ቤት ላይ እንኳ የላይኛው ፎቅ መስኮት መስታወት ሳይገባለት በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የኮሎኑ (የምሰሶው) ብረት ወይም ፌሮ ከሶሌታው (ከኮንክሪቱ ወለል) በላይ ወጥቶ ዝገት ሲበላው ይታያል። ሰዎቹ የሚኖሩት ምድር ቤቱ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹም እስካሁን ከኋላ ካለው ሰርቪስ አልወጡም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። «ለታይታ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ግን አያጠግበኝም። ዕቁብ እየጣለ፣ ውጭ አገር ካለ ወንድሙ እየተበደረ፣ በልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ እየተጨነቀ የሚሠራ ሰው ለታይታ ብቻ ብሎ ይህን ሁሉ ገንዘብ ሲሚንቶ ውስጥ ይቀብራል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ስለዚህ በተለይ ሠርታችሁ የገባችሁበትን፣ ወይም ሥራውን የምታውቁትን ሰዎች መጠየቅ ፈለግሁ። አንድ ቤተሰብ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ቤት እንዲሠራ የሚያደርገው ምንድን ነው? እኛስ ትንሽ ቤት ብንሠራ ኋላ የምንጸጸትበት ነገር ይኖር ይሆን?


ሳይት የዋለ መሐንዲስ

ወንድማችን፣ የመጀመሪያውን ምክንያት ከመሬት በታች ይፈልጉት። ከቦሌ ጀምሮ እስከ ሲኤምሲ፣ ከዚያም ወደ አቃቂ በኩል የሚገኘው አፈር በብዛት ጥቁር ዋልካ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ በቀላል መሠረት የተቀመጠ ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ ወይ ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ይተካል፣ ወይ ደግሞ መሠረቱ ከዋልካው በታች ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይወርዳል። በሁለቱም መንገድ ወጪው ከባድ ነው። ባለቤቱ ይህን ወጪ አንድ ጊዜ ካወጣ በኋላ «ለአንድ ፎቅ ብቻ ይህን ሁሉ ጉድጓድ ቆፈርሁ?» ብሎ ያስባል፤ መሠረቱን ጥቂት አጠናክሮ ሁለት ፎቅ መጨመር ያን ጊዜ ብልህነት ሆኖ ይታየዋል።

ሂሳቡ እስከ ስትራክቸሩ (እስከ ኮንክሪት አጽሙ) ድረስ ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሶሌታው ሲሞላ ቤቱ ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪኩ፣ የውኃ መስመሩ፣ ልስኑ፣ ሴራሚኩ፣ አሉሚኒየሙ፣ በርና ቁም ሳጥኑ ሲደመሩ ከስትራክቸሩ ወጪ አያንሱም፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣሉ። እርስዎ ያዩት በላስቲክ የተሸፈነ መስኮት የዚህ ውጤት ነው።

የሕግ ገደብም አለበት። በሊዝ የሚሰጥ ቦታ ብዙውን ጊዜ የፎቅ ከፍታው በፕላን ተወስኖ ነው፤ ከተወሰነው በታች ልሥራ ቢሉ ፈቃድ አያገኙም። በሊዝ ዐዋጁ በ721/2004 መሠረት ደግሞ አነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር ድረስ መጠናቀቅ ይኖርበታል። የእርስዎ ቦታ የማኅበር ስለሆነ የተወሰነበት ከፍታ ካለ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ።


ጠበቃው ከሲኤምሲ

መሐንዲሱ ስለ አፈሩ የተናገረውን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ዋልካ የሌለበት የቡራዩና የሱሉልታ ዳገት ላይም ቤቱ እንዲሁ ትልቅ ስለሆነ፣ ዋናውን ምክንያት እኔ በሕጉና ሕጉ በሰው አእምሮ ውስጥ በተወው ነገር ላይ አየዋለሁ።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤትንም ወረሰ። አንድ ቤተሰብ እንዲይዝ የተፈቀደለት የሚኖርበትን አንድ ቤት ብቻ ነበር። ይህ ዐዋጅ ለብዙ አዲስ አበቤ ቤተሰብ እስከ ዛሬ የሚወራ ታሪክ ነው። ጥሪቱን በሦስት ትንንሽ የኪራይ ቤቶች ላይ ያዋለው ሰው ሁለቱን አጣ፤ ያንኑ ገንዘብ በአንድ ትልቅ መኖሪያ ቤት ላይ ያዋለው ጎረቤቱ ግን ቤቱ ቀረለት። ከዚያ ወዲህ ያደገ ትውልድ ይህን ከአባቱ ሰምቶ ነው ያደገው፤ ዛሬ ሕጉ ተለውጦ ከአንድ በላይ ቤት መያዝ ቢፈቀድም፣ «የምትኖርበትን ቤት አይነኩብህም» የሚለው እምነት ከሰው ልብ አልወጣም። የኔ ግምት ነው፤ ግን ደንበኞቼ ሲናገሩ ደጋግሜ የሰማሁት ስለሆነ ያለ ማስረጃ የምናገረው አይደለም።

ሁለተኛው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የግል ንብረት የሚሆነው በመሬቱ ላይ የተሠራው ነገር ነው። ይህ ማለት አንድ ቤተሰብ ካርታ በእጁ ቢኖረውም የራሱ ነው ብሎ በሕግ ፊት የሚቆምለት ነገር ግድግዳው፣ ጣሪያውና ሶሌታው ነው። ቦታው ለልማት ተፈልጎ ቢነሣ ለንብረቱ የሚሰጠው ካሳ የሚሰላው በተሠራው ልክ ነው። ሊሸጥ ቢፈልግም በውሉ ላይ የሚጻፈው ቤቱ ነው። በከተማዋ ዳር፣ ነገ መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ በማይታወቅበት ሰፈር፣ ባዶ ግቢ መተው ገንዘብን ሜዳ ላይ እንደ መተው ሆኖ ቢታይ አያስደንቅም።

ሦስተኛ፣ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በማኅበር ቦታ ያገኘ ሰው በስሙ ቤት ወይም ቦታ ስላለው ለኮንዶሚኒየም ዕጣ አይመዘገብም፤ ሌላ የማኅበር ቦታም አይሰጠውም። ሌላ አገር ያለ ወጣት ቤተሰብ በትንሽ ቤት ጀምሮ ልጅ ሲወለድ ወደ ሰፊው ይዛወራል፤ ልጆቹ ሲወጡ ደግሞ ወደ ትንሹ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ይህ መንገድ ለአብዛኛው ሰው ዝግ ነው። የባንክ ብድር ውድ ነው፤ አንዱን ሸጦ ሌላውን መግዛት ደግሞ በስም ማዛወሪያና በደላላ ኮሚሽን ይበላል። ስለዚህ አባወራው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆኖ የሰባ ዓመት ሰው የሚያስፈልገውን ቤት፣ ለልጆቹ ትዳር የሚያስፈልገውን ጭምር አንድ ላይ ይሠራዋል።

ገንዘቡን ለምን በባንክ አያስቀምጠውም የሚል ይኖራል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሲቆይ፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የተቀማጩ ዋጋ እንዴት እንደ ወረደ ሁላችንም አይተናል። የአክሲዮን ገበያ ሥራ የጀመረውም በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ደመወዝተኛም ነጋዴም የተረፈውን ብር ወደ ብሎኬትና ፌሮ እየለወጠ ነው ያቆየው። ያላለቀው ፎቅ ለብዙዎች የቁጠባ ደብተራቸው ነው፤ ለዚህም ነው ባለቤቱ ስላላለቀ የማያፍርበት።


እማወራዋ ከሰሚት

ጽሑፋችሁን በጥሞና አነበብሁት። ሁላችሁም ስለ መሥራት ጻፋችሁ፤ እኔ ግን በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ስለ መኖር ልጻፍ፤ ጠያቂው ያነሡትን ጥያቄ ባለቤትዎም ሆኑ እናትዎ ሳይሰሙት እንዳይወሰን እፈልጋለሁ።

ቤታችን ጂ ፕላስ ቱ ነው። ሦስት ሳሎን አለው፤ ቤተሰቡ የሚውለው ግን በአንዲት ክፍል ነው። ከማድ ቤቱ አጠገብ፣ ፕላኑ ላይ ለዕቃ ማስቀመጫ የታሰበች ክፍል ነበረች። ቴሌቪዥኑ እዚያ ገባ፣ ልጆቹ እዚያ ያጠናሉ፣ ቡና የሚፈላው እዚያ ነው። ትልቁ ሳሎን ሶፋው ጨርቅ ለብሶ፣ መጋረጃው ተዘግቶ እንግዳ ይጠብቃል። ሁለተኛው ፎቅ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበርዳል፤ ፀሐይ ያልገባበት ክፍል ሲከፈት የእርጥበት ሽታ ፊት ላይ ይመጣል።

ውኃውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ መሬት ላይ ያለው ሮቶ (የውኃ ታንከር) ይሞላል፤ ከዚያ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል። መብራት ከሌለ ፓምፑ አይሠራም። መብራትና ውኃ አብረው በጠፉ ጊዜ ላይኛው ፎቅ ላለው መጸዳጃ ቤት ውኃ በጀሪካን በደረጃ መውጣት አለበት፤ የምታወጣውም ወይ እኔ ነኝ ወይ ሠራተኛችን ናት። አምስት መጸዳጃ ቤት ማለት የሚታጠብ አምስት ወለል፣ የሚያንጠባጥብ አምስት ቧንቧ ማለት ነው። ፕላኑን የሚያወጡት ወንዶች ይህን ቀድመው ቢያስቡት ኖሮ ብዙ ቤት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይወጡም። ሲታቀድ ምድር ቤቱ ለእንግዳ፣ መኝታው ከላይ ተብሎ ስለ ነበር፣ ለእሳቸው የሚሆን መኝታና መታጠቢያ ከታች አልነበረም። ኋላ ከሳሎኑ ላይ ከፍለን ሠራንላቸው። ጠያቂው፣ እናትዎ ከእርስዎ ጋር ስለሚኖሩ ይህችን ነገር አደራ እላለሁ።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ግን ቤቱ ትልቅ በመሆኑ አልጸጸትም፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ። ከክፍለ ሀገር ዘመድ ሲታመም የሚመጣው ወደ አዲስ አበባ ነው። ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ ያለው ሰው አንድ ቀን ታይቶ አይመለስም፤ ምርመራው፣ ውጤቱ፣ ሁለተኛው ቀጠሮ እየተባለ ሳምንታት ይቆያል፤ አስታማሚም ይዞ ይመጣል። ለእነዚህ ሰዎች ሆቴል የሚከፍልላቸው የለም። የባለቤቴ አጎት ለጨረር ሕክምና መጥተው በሁለተኛው ፎቅ ላይ ክረምቱን ከልጃቸው ጋር አሳለፉ፤ ያ ክፍል ባይኖር ኖሮ ምን እናደርግ እንደ ነበር አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ የተመደበች የእኅቴ ልጅም ቅዳሜና እሑድ ቤቷ ይኸው ነው። የባለቤቴ አባት ሲያርፉ ዕድሩ ድንኳኑን ደጅ ተከለ፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሦስቱም ሳሎን ሞላ፤ ለማስተዛዘን ከጎጃም የመጡት ደግሞ እስከ ሰልስቱ ድረስ ከላይ አደሩ።

ቤት ውስጥ ያለውን ሰው በአዘቦት ቀን ቆጥሮ «አምስት ናችሁ» ማለት የቤተሰቡን ልክ አያሳይም። እኛ አምስት የምንሆንበት ሳምንት ጥቂት ነው።


የጀሞው ተከራይ

አንድ ያልተነሣ ነገር ልጨምር። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አከራያችን ምድር ቤቱ ላይ ይኖራሉ፤ ሰርቪሱ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሦስት ተከራዮች አሉ። ከውጭ ለሚያየው የአንድ ቤተሰብ ቪላ ነው። አከራያችን ጡረተኛ ናቸው፤ የጡረታ አበላቸው የወር አስቤዛ እንኳ ስለማይሸፍን የሚተዳደሩት ከኪራዩ ነው። ትልቅ ቤት ለሠራ ሰው ይህ የእርጅና ዋስትና ነው።

ችግሩ ቤቱ ለኪራይ ታስቦ አለመሠራቱ ነው። ወደ ቤታችን የምንወጣው በእሳቸው ሳሎን በኩል ነው። እንግዳ ሲመጣብን እንሳቀቃለን፣ እሳቸውም ይሳቀቃሉ። የመብራት ቆጣሪው አንድ ስለሆነ በየወሩ ሂሳቡን ማካፈል ያጨቃጭቃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚጸና ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ያከራየ ሰው ቤቱን ለረጅም ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር እንደሚጋራ አውቆ ቢሠራው ለሁሉም ይበጃል።


አዛውንቱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን

ልጆቼ፣ ትልቅ ቤት መሥራት አዲስ ነገር ተደርጎ እንዳይታይ ፈልጌ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባ ራሷ ከመጀመሪያው የተሠራችው በትልልቅ ግቢ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር እየተባለ የሚጠራው፣ መኳንንቱ ከአፄ ምኒልክና ከእሳቸው በኋላ ከነገሡት በተሰጣቸው ቦታ ላይ ቤታቸውን ሠርተው፣ አሽከሩ፣ ወታደሩና ዘመዱ በዙሪያቸው ስለ ሰፈረ ነው። አዳራሹ ትልቅ የሆነው ግብር ስለሚበላበት ነበር። ከእነሱ በታች ያለውም ሰው እንደ አቅሙ ይህንኑ መልክ ይከተል ነበር፤ እኔ ያደግሁበት ግቢ ዋናው ቤት ሦስት ክፍል ብቻ ነበረው፤ ከኋላ ግን ማድ ቤቱ፣ የእንጀራ ቤቱ፣ የአያቴ ክፍልና ከገጠር የሚመጣ ሰው የሚያርፍበት ክፍል ተደርድረው ነበር። ሲደመር ከዛሬው ባለ ፎቅ አያንስም።

የተለወጠው ቦታው ነው። በ1967ቱ ዐዋጅ እንኳ አንድ ሰው ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሊይዝ ይችል ነበር፤ ዛሬ 200 ያገኘ ዕድለኛ ነው። ጎን ለጎን የነበረው ክፍል መሬት ሲያጣ አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ። ነገር ግን አሮጌው ግቢ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ በር ነበረው፤ አዲሱ ቤት ሁሉንም በአንድ ደረጃና በአንድ በር አሰረው። ተከራዩ ልጄ የሚሳቀቀውም፣ የእማወራዋ አማት ከሳሎን ላይ ተከፍሎ ክፍል የተሠራላቸውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

የውርስን ነገር አትርሱ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ። አባት «ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ፎቅ ይደርሳቸዋል» ብሎ ይሠራል፤ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ደረጃ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ማድ ቤት ያለውን ቤት ማን በምን ይከፍለዋል? እንዲህ ያለው ጉዳይ በሽምግልና ፊቴ ቀርቦ አይቻለሁ። አንዱ ይሸጥ ይላል፣ አንዷ የእናቴ አልጋ ያለበት አይሸጥም ትላለች፤ ቤቱ ለወንድማማች መኖሪያ ተብሎ ተሠርቶ ወንድማማቹን ሲለያይ ማየት እጅግ ያሳዝናል።


የለገጣፎው አባወራ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ለባለቤቴና ለእናቴ አነበብሁላቸው። እናቴ ስለ ምድር ቤቱ መኝታና መታጠቢያ የተጻፈውን ሲሰሙ «እኔ አፍሬ ያልተናገርሁትን ተናገረችልኝ» አሉ፤ ስለዚህ ያ ተወስኗል።

ከጠበቃው መልስ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰው ትልቅ የሚሠራው ዕድሉ አንድ ስለሆነ ከሆነ፣ እኛም ያለን ዕድል ያው አንድ ነው። ስለዚህ «ትንሽ እንሥራ» ከሚለው ሐሳቤ ወጥቼ «አሁን ለእኛ የሚበቃውን ጨርሰን እንግባበት፣ የቀረው ሲያስፈልግ ይቀጥላል» ወደሚለው እያዘነበልሁ ነው። ለመሐንዲሱ ሁለት ጥያቄ አለኝ። መሠረቱን ለሁለት ፎቅ አዘጋጅቶ ምድር ቤቱን ብቻ ጨርሶ መግባት ይቻላል? ደረጃውስ ከውጭ ቢሆን ቦታው ይበቃል?


ሳይት የዋለ መሐንዲስ

ይቻላል፤ የሚሳካው ግን ከአሁኑ ከታሰበበት ነው። ፕላኑ በሙሉ ጂ ፕላስ ቱ ሆኖ ይጽደቅ፤ የመሠረቱና የኮሎኑ ስሌት ለሙሉው ጭነት ይሠራ። ምድር ቤቱን ስትጨርሱ ላዩን በቆርቆሮ ብቻ አትሸፍኑት፤ ሶሌታው ይሞላና ውኃ የማያስገባ ንጣፍ ይደረግለት፤ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ በአሸንዳ ይውረድ። ለወደፊቱ ኮሎን የሚቀረው ፌሮ እንደ ሰፈሩ ልማድ ዝናብ እንዳይመታው ሲሚንቶ አንሶበት በተቦካ ስስ ኮንክሪት ተሸፍኖ ይቆይ፤ በቀጠላችሁ ጊዜ ተፈንቅሎ ንጹሕ ፌሮ ይገኛል። የዛገ ፌሮ ላይ መቀጠል አደገኛ ነው።

የውጭ ደረጃ በ200 ካሬ ላይ ይገባል። ከአጥሩ ጋር መተው ያለበትን ርቀት ስለሚነካ ግን በፕላኑ ላይ አሁኑኑ መታየት አለበት፤ ኋላ ልጨምረው ቢሉ ፈቃድ አያገኙም። ደረጃው የሚያርፍበትን ቦታ ከበሩ አጠገብ፣ ከሰርቪሱ ተቃራኒ ጎን ያድርጉት፤ ከላይ የሚኖረው ሰው፣ ልጅዎም ይሁን ተከራይ፣ በእናትዎ መስኮት ሥር ሳያልፍ ይወጣል። የውኃና የኤሌክትሪክ መስመሩንም ለእያንዳንዱ ፎቅ ለየብቻ አስቀብሩት፤ ቆጣሪው ኋላ ቢገባም ቱቦው ከአሁኑ ግድግዳው ውስጥ ይግባ፤ ወጪው አሁን ትንሽ ነው። ከላይኛው ሮቶ የሚወርደው መስመር ደግሞ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ በየፎቁ ይኑረው፤ አንዱ ፎቅ ቢያፈስ ሌላው ውኃ አያጣም።